የጩኸት ቀን ለማን ይደርሳል?

ጁን 28 ቀን 1907 ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሴልዊን ኤጅ የተባለ እንግሊዛዊ ኔፒየር መኪናውን አስነስቶ መዞር ጀመረ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሚዞርበት ሜዳ ብሩክላንድስ ይባላል፤ ከተመረቀ ገና 11 ቀኑ ነው። ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ ዌይብሪጅ አጠገብ፣ ሂው ሎክ ኪንግ የተባለ ባለርስት በገዛ መሬቱና በገዛ ገንዘቡ ያሠራው፣ ዙሪያው 4.4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የኮንክሪት ቀለበት ነው። ለመኪና ውድድር ተብሎ እንዲህ ያለ ሜዳ ከዚያ በፊት አልተሠራም ነበር። ስለዚህም አጠገቡ መኖር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ጎረቤት አልነበረም።

ኤጅ ሌሊቱን ሙሉ ነዳ። ጨለማው ውስጥ መንገዱን የሚያሳዩት በጠርዙ የተደረደሩ ቀይ ፋኖሶች ነበሩ፤ ሁለት ሌሎች ኔፒየሮችም አብረውት ይዞራሉ። በማግስቱ ምሽት ሲቆም ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 106 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። እሱ ክብረ ወሰን ይዞ ወጣ፤ የአካባቢው ነዋሪ ደግሞ እንቅልፍ አጥቶ አደረ። አቤቱታው ስለበረታም ብሩክላንድስ ላይ ሌሊት መንዳት ተከለከለ።

ክልከላው ጸንቶ ቆየ። ፈረንሳዮች በ1923 ለ ማን ላይ የ24 ሰዓት ውድድር ሲጀምሩ እንግሊዞችም የራሳቸው እንዲኖራቸው ፈለጉ፤ ሌሊቱ ግን የጎረቤት ነው። በ1929 መፍትሔ ያሉትን አመጡ፦ ቀን 12 ሰዓት መንዳት፣ ማታ መኪኖቹን ቆልፎ ማሳደር፣ በማግስቱ ደግሞ 12 ሰዓት መጨመር። «ድርብ አሥራ ሁለት» ብለው ሰየሙት። ከጎረቤት ጋር በተደረገ ስምምነት የተወለደ የውድድር ዓይነት ከዚህ ሌላ እኔ አላውቅም።

እስከዚያው ድረስ ቀኑም ቢሆን አከራካሪ ሆኖ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ ነዋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ብሩክላንድስ ላይ የሚነዳ ሁሉ መጠኑ የተወሰነ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ) እንዲገጥም ግዴታ ሆነ። ጫፉ እንደ ዓሣ ጅራት ጠፍጥፎ የተሠራው ያ ማርሚታ ዛሬ የሜዳው ምልክት ሆኖ ይታወሳል። ግዴታው ትልቁን የፋብሪካ ቡድንም፣ በሳምንት መጨረሻ የራሱን ሞተር ብስክሌት ይዞ የሚመጣውን ወጣትም እኩል ይመለከት ነበር። ይህን እኩልነት አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ ላይ አናገኘውም።

ብሩክላንድስ በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ተዘጋ፤ ውድድርም አልተመለሰበትም።

የታሪኩ ክር ከዚህ ወደ አሜሪካ ይሻገራል። በ1944 የስፖርት መኪና ወዳጆች የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብን መሠረቱ። አባላቱ ሥራቸው ሌላ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን መንዳት ይፈልጋሉ። ሜዳ ስላልነበራቸው በሕዝብ መንገድ ላይ ይወዳደሩ ጀመር። በ1948 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ዋትኪንስ ግሌን በተባለች ትንሽ ከተማ ጎዳናዎች ላይ የተጀመረው ውድድር ዝናው ወዲያው ናኘ። በ1952 ግን እዚያው አንድ መኪና ተመልካች ውስጥ ገብቶ አንድ ሕፃን ሞተ። በሕዝብ መንገድ ላይ መወዳደር ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ለጥቂት ዓመታት ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያዎችን ለክለቡ ፈቀደ። እዚያ ስለ ጩኸት የሚያማርር ጎረቤት አይገኝም፤ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጋር የሚኖር ሰው ስለ ፖርሽ ድምፅ ምን ይላል?

ያም በር ሲዘጋ አማተሮቹ የራሳቸውን ሜዳ መሥራት ነበረባቸው። የሚገርመው ነገር ብዙዎቹ በአንድ ዓመት መወለዳቸው ነው። በ1957 ብቻ ላይም ሮክ፣ ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል፣ ሪቨርሳይድ፣ ብሪጅሃምፕተን እና ላጉና ሴካ ተከፈቱ። ሁሉም ከከተማ ራቅ ያለ ርካሽ መሬት ላይ ነበሩ።

ላይም ሮክ ላይ ቆየት እንበል፤ ነገሩ ሁሉ የጠራው እዚያ ነውና። ኮኔቲከት ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ሳሊስበሪ በተባለች የገጠር ከተማ ክልል ያለ መንደር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብረት ማቅለጫዎች የነበሩበት፣ የባቡር መንኮራኩር የሚሠራበት ቦታ ነበር፤ ምድጃዎቹ ከጠፉ በኋላ ግን ጸጥ ብሎ፣ ጸጥታ ፈልገው የሚመጡ ሰዎች መኖሪያ ሆነ። ጂም ቬይል የተባለ ወጣት የቤተሰቡ የጠጠር ማውጫ ባለበት መሬት ላይ የራሱን መኪና ይነዳ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሐሳቡ ወደ እውነተኛ ሜዳ አደገ። ንድፉን ለማውጣት ከተባበሩት አንዱ ጆን ፊች ነበር። ፊች በጦርነቱ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ፣ በኋላም የመርሴዲስ ነጂ ነበር። በ1955 ለ ማን ላይ አብሮት በፈረቃ ይነዳ የነበረው ፒየር ሌቬግ ከ80 በላይ ተመልካቾችን የገደለው አደጋ ውስጥ ሲሞት ፊች ተራውን እየጠበቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ደህንነት አሰበ፤ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር የሚታዩትን በአሸዋ የተሞሉ ቢጫ በርሜሎች የፈለሰፈው እሱ ነው። እናም 2.4 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የላይም ሮክ ቀለበት ለዘመኑ ደህንነቱ የተጠበቀ ሜዳ ሆነ። ቦታው ግን በኮረብታ የተከበበ ሸለቆ ነው፤ ቤቶቹም ቤተ ክርስቲያኑም እዚያው ከመንገዱ ማዶ ናቸው። ድምፅ ከሸለቆ በቀላሉ አይወጣም።

የመጀመሪያው ውድድር በ1957 ጸደይ ላይ ተካሄደ። ዓመት ሳይሞላ ጠብ ተነሣ። እዚህ ላይ ጎረቤቶቹ ቀድመው የሰፈሩ፣ ሜዳው ደግሞ ኋላ የመጣ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ «ማን ወደ ሜዳው አጠገብ ኑ አላችሁ?» የሚለው የነጂዎች የዘወትር መልስ ላይም ሮክ ላይ አይሠራም። ነዋሪዎቹ በሀገራችን «ሁከት ይወገድልኝ» ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ክስ መሠረቱ። በ1959 የግዛቱ ፍርድ ቤት ቋሚ የእግድ ትእዛዝ ሰጠ፦ እሑድ ውድድር የለም፤ በሌሎቹ ቀናትም ሰዓት ተወሰነ።

ትእዛዙ በቀጣዮቹ አሥርተ ዓመታት በስምምነት እየተሻሻለ ሄደ፤ አጥንቱ ግን አልተነካም። ዳኞቹ ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አላሰቡም፤ የለዩት ማርሚታ የገጠመ ሞተርንና ያልገጠመ ሞተርን ነው። ማርሚታ ያለው በሥራ ቀናት ሰፊ ሰዓት ተሰጠው። ማርሚታ የሌለው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በዓመት የተወሰኑ ቅዳሜዎችና ጥቂት ብሔራዊ በዓላት ደረሱት። በእኔ አስተያየት ይህ ከብዙ ዘመናዊ ደንቦች ይሻላል። ጎረቤት መሣሪያ ሳይዝ፣ ኤክስፐርት ሳይጠራ፣ ሰዓቱንና ቀን መቁጠሪያውን አይቶ ተጣሰ ወይም አልተጣሰ ማለት ይችላል። ሠርግ የሚደግስ፣ ቀብር ያለበት፣ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው የሚፈልገው መቼ ጸጥ እንደሚል ማወቅ ነው።

ቀኖቹን ከአማተር ጎን ሆኖ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ የሌለ ማን ነው? የመኪና ፋብሪካ፣ የጎማ ኩባንያ፣ ደመወዝተኛ ነጂ ያለው ቡድን። ጥርስ ሐኪሙና አናጢው ነፃ የሚሆኑት እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ ተዘግቷል። የጩኸት ቀናት ቁጥራቸው ከተወሰነ ጀምሮ ገንዘብ ሆነዋል፤ ሜዳውም ብዙ ተመልካች ለሚያመጣ ትልቅ ውድድር ይሰጣቸዋል። አማተሩ በተረፈው ቀን ማርሚታውን ገጥሞ ይመጣል። ከዚህ በኋላ የምተርከው ሁሉ፣ ቦታው ይለያይ እንጂ፣ ይኸው ነው።

በ1970ዎቹ መለኪያው መጣ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1972 የድምፅ ብክለት መቆጣጠሪያ ሕግ አወጣ፤ በየከተማው ስለ ጩኸት በቁጥር መነጋገር የተለመደውም በዚያ ዘመን ነው። በ1974 ላጉና ሴካ ከፎርት ኦርድ የጦር ሰፈር መሬት ተነጥሎ ለካሊፎርኒያው የሞንተሬይ አውራጃ ተላለፈና የሕዝብ መናፈሻ አካል ሆነ። የባለቤቱ መለወጥ ትልቅ ነገር ነበር። ጦር ሠራዊት ለጎረቤት መልስ አይሰጥም፤ የአውራጃ አስተዳደር ግን በድምፅ የሚመረጥ ነው። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ላይ ውድ ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ የሜዳው የድምፅ ደንብም እየጠበቀ መጣ።

ዛሬ ላጉና ሴካ ለአማተሮች የሚከራይባቸው አብዛኞቹ ቀናት የ90 ወይም የ92 ዴሲቤል ቀናት ናቸው። ከመንገዱ ጠርዝ 15 ሜትር ገደማ ላይ መለኪያ ተተክሎ እያንዳንዱ መኪና ሲያልፍ ይመዘገባል። ከወሰኑ ያለፈ ጥቁር ባንዲራ ይታየውና ይወጣል፤ ከደጋገመው ከፍሎ የመጣበትን ቀን ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የ105 ዴሲቤል ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ወሰን የሌላቸው ደግሞ ከእነሱም ያንሳሉ፤ እነዚያን የሚወስዱት ትልልቆቹ ውድድሮች ናቸው። ከፋብሪካ እንደወጡ 90ን የሚያልፉ የስፖርት መኪኖች አሉ። ባለቤቱ በሕዝብ መንገድ ላይ በሕጋዊ ታርጋ እየነዳ መጥቶ፣ ሜዳው ውስጥ ሕገወጥ ይሆናል።

አማተሮችም ብልሃቱን ተማሩ። መለኪያው የትኛው ኩርባ አጠገብ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ እዚያ ሲደርሱ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ ያደርጋሉ፣ ካለፉ በኋላ እንደገና ይረግጣሉ። የጭስ ማውጫቸውን ጫፍ በቱቦ ጠምዝዘው መለኪያው ከሌለበት ጎን ወይም ወደ መሬት ያዞሩታል። ኮረብታው ላይ ያለው ሰው የሚሰማው ጩኸት በዚህ ሁሉ ብዙም አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ራሱም ያታልላል። ዴሲቤል ሲጨመር እንደ ብር አይደመርም፤ 10 ዴሲቤል ከጨመረ የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ሆኗል፣ ጆሮ ደግሞ እጥፍ ያህል እንደጮኸ ይሰማዋል። ሁለት እኩል የሚጮኹ መኪኖች አንድ ላይ ሲሆኑ 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራሉ፤ 10 መኪኖች 10። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 92ን ያላለፉ 10 መኪኖች ተከታትለው ሲዞሩ ማንም ደንብ አልጣሰም፤ ሸለቆው ግን የሚሰማው የሁሉንም ድምር ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል ይባላል፤ ይህም ሜዳማ ቦታ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ነው። ማለዳና ማታ ቀዝቃዛ አየር ከሙቅ አየር ሥር ሲተኛ ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል፤ ቀትር ላይ ያልተሰማ ሞተር ፀሐይ ስትጠልቅ መስኮት ድረስ ይመጣል። የላይም ሮክ ዳኞች ሰዓት መወሰናቸው፣ ፊዚክሱን አሰቡትም አላሰቡትም፣ ልክ ነበር።

ላይም ሮክ በ1980ዎቹ አዲስ ባለቤት አገኘ፦ ስኪፕ ባርበር፣ የቀድሞ ነጂና ተራ ሰውን መኪና ውድድር የሚያስተምር ትምህርት ቤት መሥራች። ሜዳውን ያኖሩት አማተሮች እንደሆኑ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከእነዚያ አማተሮች አንዱ ተዋናዩ ፖል ኒውማን ነው፤ መኖሪያው ኮኔቲከት ነበር፣ የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብን ብሔራዊ የአማተር ሻምፒዮና አራት ጊዜ አሸንፏል። የእሑዱን እገዳ ግን ዝና አልፈታውም። በሴፕቴምበር መጀመሪያ በሚውለው የሠራተኞች በዓል ሰሞን የሚደረገው የጥንታዊ መኪኖች ፌስቲቫል ራሱ በእገዳው ቅርጽ ተሰፋ፦ ቅዳሜ ውድድር፣ እሑድ መኪኖቹ መንገዱ ላይ ተደርድረው የሚጎበኙበት ዐውደ ርእይ፣ ሰኞ እንደገና ውድድር። ከ1957ቱ እኩዮች መካከል ሁሉም እንዲህ አልተስማማም። ሪቨርሳይድ በ1989 ተዘግቶ የገበያ ማዕከል ሆነ። ከኒው ዮርክ ባለጸጎች የበጋ ቤቶች መካከል የቀረው ብሪጅሃምፕተንም በመጨረሻ የጎልፍ ሜዳ ሆነ።

በዚህ መካከል እንግሊዝ ውስጥ ጉዳዩ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት እየወጣ ነበር። ሰሜን ዮርክሽር ያለው ክሮፍት የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ ነው። በ1960ዎቹ ውድድር ይካሄድበት ነበር፣ በ1980ዎቹ ተቀዛቀዘ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በአዲስ ጉልበት ተመለሰ። በ1998 ባለቤቶቹ ከአካባቢው አስተዳደር ጋር ቀኖቹን በጩኸታቸው መጠን ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ከፍለው የእያንዳንዱን ቁጥር ወሰኑ። ወረቀቱ ላይ ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ኑሮው ግን ሌላ ነበር። ከሜዳው ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀው የሚኖሩ ቤተሰቦች በዓመት ውስጥ ጸጥ የሚልበትን ቀን ለማግኘት ተቸገሩ። ክስ መሠረቱ፣ በ2008 ረቱ፤ ዳኛው ወደ 150,000 ፓውንድ የሚጠጋ ካሳ ፈረደላቸው። ጩኸቱ የሚቆምበትን ትእዛዝ ግን ከለከላቸው። በጃንዋሪ 2009 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ሻረና ትእዛዙን ሰጠ፦ ከፍተኛ ጩኸት ያለባቸው ቀናት በዓመት ከ40 አይበልጡ።

አርባ ቀን ለማን ይበቃል? ለብሔራዊው የመኪና ሻምፒዮናና ለመሰሎቹ ይበቃል። የሚጨናነቀው በግል መኪናው ከፍሎ የሚነዳው ሰው ነው። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው ሜዳ ከመግባቱ በፊት ፈተና አለበት፦ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ከከፍተኛ ዙሩ ሦስት አራተኛ ድረስ ይነሣል፣ መለኪያው ከጭስ ማውጫው ግማሽ ሜትር ርቆ በ45 ዲግሪ ይያዛል፣ ብዙ ጊዜ 105 ዴሲቤልን ካለፈ አይገባም። ጠዋት በዝናብ ውስጥ ሰልፍ ይዘው ቀጥተኛ ቱቦአቸው ውስጥ ተጨማሪ ማፈኛ በቦልት የሚያስሩ ሰዎች የዚህ ስፖርት ቋሚ ትእይንት ናቸው።

በ2014 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሳፎክን የሞተር ስታዲየም በተመለከተ ነጂዎች የሚወዱትን መከራከሪያ አፈረሰ። ስታዲየሙ ከ1975 ጀምሮ ፈቃድ ነበረው፤ ከሳሾቹ በአቅራቢያው ያለውን ቤት የገዙት በ2006 ነው። ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር አለ፦ ወደ ጩኸቱ አንተ ነህ የመጣኸው የሚለው መከላከያ አይሆንም፤ የግንባታ ፈቃድም ጎረቤትን ለማወክ መብት አይሰጥም። ፍርዱ ግን ለነጂዎችም አንድ በር ተወ፤ ዳኞች ወደፊት ከእገዳ ይልቅ ካሳ ለመወሰን ቀድሞ ከነበረው የሰፋ ነፃነት እንዲኖራቸው አድርጓል። ይህ ለማን እንደሚጠቅም ግልጽ ነው። ካሳ ከፍሎ መጮህ የሚችለው ገቢ ያለው ሜዳ ነው።

ላይም ሮክ ላይ ደግሞ አሮጌው ነገር እንደገና ተነሣ። በ2015 የሳሊስበሪ የፕላን ኮሚሽን ከ1959 ጀምሮ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይኖር የነበረውን ገደብ በመሬት አጠቃቀም ደንቡ ውስጥ አጠንክሮ ጻፈ። ሜዳው ከሰሰ። የእሱ ክርክር የግዛቱ ሕግ ስለ እሑድ ውድድር ራሱ የደነገገው ስላለ ከተማዋ ከዚያ አልፋ ፈጽሞ ልትከለክል አትችልም የሚል ነበር። በ2020 የኮኔቲከት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተማዋ ትችላለች አለ። ጠቡ ከተጀመረ 60 ዓመት አልፎታል፤ የመጀመሪያዎቹ ከሳሾችና የመጀመሪያዎቹ ነጂዎች አብዛኞቹ በሕይወት የሉም፤ እሑድ ግን ዝግ እንደሆነ ነው።

በ2021 ባርበር ሜዳውን ለአዲስ ባለቤቶች ሸጠ፤ እነሱም እገዳውን ከነመሬቱ ተረከቡ። የአማተር ክለቦች በሌላ ሜዳ ቅዳሜና እሑድ የሚያደርጉትን ውድድር ላይም ሮክ ላይ አርብና ቅዳሜ ያደርጉታል፤ ሰኞ በዓል ሲሆን ደግሞ ቅዳሜና ሰኞ። አርብ መንዳት የፈለገ መጀመሪያ ከአለቃው ፈቃድ ይጠይቃል።